በነጭ የጫማ ቀለም የተጻፈ ቁጥር

«ስድስቷን ስምንት አስመሰልሻት» አሉ አያቷ ኦሪን ከታጣፊ ወንበራቸው ላይ ሆነው። «በዚህ ጽሕፈትሽ ነው ትምህርት ቤት ኤ የሚሰጡሽ?»

ዊላ ሳትመልስ የካማሮ መኪናዋን የጎን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ እንደገና ጻፈች። ነጩ የጫማ ቀለም በነሐሴ ፀሐይ ቀጥኖ በጣቶቿ መካከል ፈሰሰ። 13.60። አሁን ከሩቅም ይነበባል።

በዚህ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ እያንዳንዱ ነጂ መኪናው ከመነሻ እስከ መድረሻ በስንት ሰከንድ እንደምትገባ ራሱ ገምቶ ቁጥሩን መስታወቱ ላይ ይጽፋል። ቀርፋፋ ነኝ ያለው በልዩነቱ ያህል ቀድሞ ይነሳል፤ ፈጣኑ ከኋላ ያሳድደዋል። ታዲያ ሁሉም ሰው «ቀርፋፋ ነኝ» ብሎ አይጽፍም ወይ? አይጽፍም፤ ከጻፈው ቁጥር ፈጥኖ የገባ ተሸናፊ ነዋ። እዚህ ሰው የሚሸነፈው በመዘግየት ብቻ ሳይሆን በመፍጠንም ነው። ዊላ ይህን ሕግ የተማረችው ከማባዛት ሰንጠረዥ በፊት ነበር።

«ኦሪን!» የሚል ድምፅ ከቀዩ የሙስታንግ መኪና በኩል መጣ። «ያቺን ሰማያዊ ባልዲ ዛሬም ይዘሃት መጣህ? እኔ እኮ ዶሮ ማሳደሪያ ያደረግካት መስሎኝ ነበር!»

«ዶሮዎቹማ ያንተን አይተው ነው ወደኔ የተሰደዱት!» ብለው አያቷ መለሱ። «ቀይ ቀለም ብቻ! ውስጡ ሲታይ የልብስ ማጠቢያ ማሽን!»

ጋሽ ሌስተር ከት ብለው ሳቁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው የተንዠረገገ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ከአያቷ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በአንድ የእህል ጎተራ ሠርተው፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እያስቀደሱ፣ አንድ ቀን እንኳ በመኪና ነገር ተስማምተው አያውቁም። አርባ ዓመት ሙሉ በየነሐሴው የመጨረሻ ቅዳሜ ሦስት ዙር ይሽቀዳደማሉ። ሁለቱን ያሸነፈ አሸናፊ ነው። የተሸነፈው ደግሞ በማግስቱ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ከማቤል ቁርስ ቤት ፊት ለፊት የአሸናፊውን መኪና ያጥባል። ያውም የጠላቱን ኮፍያ አናቱ ላይ ደፍቶ። እስካሁን ሌስተር ሃያ አንድ፣ ኦሪን አሥራ ዘጠኝ።

ዘንድሮ ግን መሪው ላይ የምትቀመጠው ዊላ ናት።

በመጋቢት አያቷ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። ሐኪሙ እሽቅድምድም የሚባል ነገር በሕልምዎም እንዳያስቡት አላቸው። ከሆስፒታል ሲወጡ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እዚያው ቀሩ። ቴሌቪዥን አይከፍቱም፣ ጋዜጣ አይገልጡም። ምሳ ሲቀርብላቸው «አስቀምጪው» ይላሉ፤ እንደተቀመጠም ይቀዘቅዛል። በግንቦት አንድ ቀን ለዊላ እናት «ካማሮዋን ሽጧት» አሏት፤ ልክ አሮጌ ሶፋ ሽጡልኝ እንደማለት። ዊላ ያኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር።

«እኔ እነዳታለሁ» አለች። አፏ ከልቧ ቀድሞ ነው የተናገረው።

አያቷ ለረጅም ጊዜ አይዋት። «ዘይት መቀየር ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ትገተሪያለሽ፤ ነይ» ብለው ከወንበሩ ተነሱ። ያን ቀን እናቷ ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ ዊላ አይታታለች።

ክረምቱን ሙሉ በየረቡዑ ሜዳው ላይ ሲለማመዱ ከረሙ። እንዲያውም አንድ ቀን ጋሽ ሌስተር ራሳቸው ከአጥሩ ማዶ ሆነው ጮኸውባታል። «ስሚ አንቺ ልጅ! ከቀደምሽ በኋላ መስመሩ ጋ ስትደርሺ ፍሬኑን ንኪ! ስግብግብ አትሁኚ! እዚህ ስግብግብ ነው የሚሸነፈው!» ይህን ምክር ያልሰማ ወጣት በዚያ ሜዳ የለም።

ዊላ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው፤ ማሸነፍ። ከተሸነፈች አያቷ ተመልሰው ያ ወንበር ላይ የሚቀመጡ፣ ሁለተኛም የማይነሱ መስሎ ይታያታል። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሌሊት ሌሊት ግን እንቅልፍ የሚነሳት ይኸው ነበር።

የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፈች። አረንጓዴው መብራት ሲበራ እግሯ እንደ እንጨት ደረቀ፤ ስትነሳ ረፍዶ ነበር። ሙስታንጉ በቀኝ በኩል አጓርቶ አለፋት። ጋሽ ሌስተር የጻፉት 13.25፣ የገቡት 13.26። ሰዓት እንኳ እንዲህ ልክ አይሆንም።

«ምንም አይደል» አሉ አያቷ። ግን ድምፃቸው ውስጥ ያ የመስኮቱ ወንበር ነበረበት። ዊላ ሰማችው።

ሁለተኛው ዙር የተጠራው ከምሳ በኋላ ነው። ሙቀቱ በአስፋልቱ ላይ ይንቀጠቀጣል። አየር ሲሞቅ ሞተር ስለሚደክም ሁሉም ነጂ ቁጥሩን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፤ አንድ መቶኛ፣ ሁለት መቶኛ። ዊላ ተራዋን ስትጠብቅ ወደ ሙስታንጉ መስታወት ዞር አለች። 13.45 ይላል። ሃያ መቶኛ? ግን የራስ ቁሯን አጥልቃለች፣ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይመታል፣ መብራቱም ሊበራ ነው። ረሳችው።

በዚህኛው እግሯ ታዘዘላት። ካማሮዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ተወረወረች። ግማሽ መንገድ ላይ ብቻዋን ነበረች። ከዚያ ቀዩ መኪና ጎኗ ደረሰ፣ እኩል ሆነ፣ አለፋት፤ በሁለት መኪና ርዝመት ቀድሞ ገባ። «አለቀ» አለች ዊላ። ቀና ስትል ግን የአሸናፊው መብራት የበራው በእሷ በኩል ነው።

«ሌስተር ፈጥኖ ገባ!» እያለ በድምፅ ማጉያው ጮኸ አስተዋዋቂው። «ወገኖቼ፣ በአርባ ዓመት አንድ ጊዜ! ሽማግሌው ስግብግብ ሆነ!» ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። አንዱ ቆሞ የቆሎ ከረጢቱን አየር ላይ በተነው።

የሰዓት ወረቀት የምትሰጠው የክፍል ጓደኛዋ ዳርሲ ናት። ከወረቀት መስጫው ቤት ጠባብ መስኮት ግማሽ አካሏ እስኪወጣ ተንጠልጥላ እጇን ዘረጋች። «አቦ ይመችሽ! ጀግና! ሽማግሌው ላይ አበድሽበት እኮ!»

ዊላ እየሳቀች ወረቀቱን ተቀበለች። ወረቀቱ የሁለቱንም መኪና ቁጥር ይዟል። እያነበበች ስትሄድ ሳቋ ቀስ በቀስ ጠፋ። ጋሽ ሌስተር የጻፉት 13.45፣ የገቡት 13.27። መስመሩን ሲያልፉ የነበራቸው ፍጥነት ከጠዋቱ ጋር አንድ ነው። ፍሬን አልነኩም። ነዳጁንም ቅንጣት አላነሱም። በሁለት መኪና ርዝመት ቀድመዋት፣ መቅደማቸውን እያዩ፣ እስከ መጨረሻዋ ክንድ ድረስ ረግጠውታል።

በዚያ ሜዳ ላይ ይህን ስሕተት የማይሠራ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ።

አያቷ ጋ ስትደርስ እንደጠበቀችው አልጨፈሩም። ወንበራቸው ላይ ጎንበስ ብለው መሬት መሬት ያያሉ።

«አሸነፍን እኮ አባባ!»

«አይቻለሁ። ጎበዝ፣ አነሳስሽ ቆንጆ ነበር።» በከዘራቸው ጫፍ መሬቱን ጫር አደረጉ። «ሌስተር ይሄን አይሳሳትም።»

«ሙቀቱ ይሆናላ።»

«ወረቀቱን እስቲ አምጪው።»

ዊላ ወረቀቱን ኪሷ ውስጥ ጨበጠችው። «የዳርሲ ማሽን ተበላሽቶ አልወጣም። በኋላ እፈልገዋለሁ ብላለች።»

አያቷን ዋሽታ አታውቅም። ፊቷ ሲግል ተሰማት። እሳቸው ግን አላዩዋትም፤ የሚያዩት ማዶ፣ ቀዩን መኪና ነበር። ፊታቸው ላይ ያለው ነገር ደስታም ንዴትም አይደለም። ዊላ ሲናደዱ ታውቃቸዋለች፤ ሲናደዱ ያምርባቸዋል። ይህ ሌላ ነው። ባዶ ነው።

ያኔ ሆስፒታሉ ትዝ አላት። አያቷ በተኙባቸው ዘጠኝ ቀናት ጋሽ ሌስተር ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ሙስታንጋቸውን እያስጓሩ ይመጡና ልክ ከመስኮቱ ሥር አቁመው፣ ጥበቃው እስኪያባርራቸው ድረስ ነዳጅ ይሰጡት ነበር። የሕንፃው መስታወት ይንቀጠቀጣል። አያቷ ከትራሳቸው ላይ ይነሱና «ስሙት ይሄን ባለጌ! ታምሜ እንኳ አይተወኝም!» ይላሉ። እናቷ ተቆጥታ ልታስከለክል ስትነሳ አያቷ እጇን ያዟት። «ተዪው» አሏት። «ያ ሰው መሳደቡን ትቶ ያዘነልኝ ቀን ነው የሬሳ ሳጥን የምታዢልኝ።»

ዊላ የራስ ቁሯን ወንበሩ ሥር አስቀምጣ ወደ ማዶ ተሻገረች።

ጋሽ ሌስተር የሙስታንጉን ኮፈን ከፍተው ምንም ሳይነኩ ሞተሩን ያያሉ። ሲያዩዋት ጢማቸውን ጠመዘዙ። «ደግሞ ምን ልትሰልዪ መጣሽ? ሚስጥር ልትሰርቂ?»

ወረቀቱን አውጥታ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ዘረጋችው። «ፍሬን አልነኩም።»

«እእ… እርጅና ነው። ዓይኔ…»

«ጋሽ ሌስተር።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ሳያነሱ አነበቡት። ከዚያ ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አያትሽ አይቶታል?»

«አላየውም። ማሽኑ ተበላሸ ብዬ ዋሸሁት።»

«ጎበዝ። አንዳንድ ነገር ሆድ ይፍጀው ነው።» ጨርቅ አንስተው የጸዳ እጃቸውን ይጠርጉ ጀመር። «ስሚ፣ ባለፈው ፖስታ ቤት አየሁት። በከዘራ ነው የሚሄደው። ኦሪን በከዘራ! ሰላም አልኩት፣ ሰላም አለኝ። በቃ። አልሰደበኝም እኮ! ወደ ቤቴ ሄጄ ምሳ አልበላሁም። እና አሰብኩ… አንድ ጊዜ ቢያሸንፍ ምን አለበት? ለመጪው ነሐሴ መድረሱን ማን ያውቃል? የኔ ኮፍያና ያንተ ኮፍያ ስንባባል አርባ ዓመት… እሱ ከሌለ እኔ ማንን ልሳደብ ነው?»

ድምፃቸው ተሰበረ። ዊላ ይኼ ሰውዬ ክፉ ነው እያለች ነበር ያደገችው። ወረቀቱን ከኮፈኑ ላይ አንስታ፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«አያቴ ጠርጥሯል።»

«ምን አለ?»

«ምንም አላለም። እሱ ነው ያስፈራኝ። አንዴም አልሰደበዎትም።»

ጋሽ ሌስተር ጨርቁን አስቀመጡ።

«ሆስፒታል ሳለ ምን እንዳለ ያውቃሉ? እርስዎ ያዘኑለት ቀን ሬሳ ሳጥን እንዲታዘዝለት ነው የነገረን። በሦስተኛው ዙር እንደዚህ ካደረጉ እኔ አረንጓዴው መብራት ሳይበራ ነው የምነሳው። ሳይፈቀድለት የተነሳ ደግሞ ፈጥኖ ከገባው በፊት እንደሚሸነፍ ያውቃሉ። ያኔ ሁለት ሰው ለመሸነፍ ሲሽቀዳደም ሕዝቡ ያያላ!»

ሽማግሌው አፈጠጡባት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዊላ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ እየሳቁ ነበር። ምናልባትም ሁለቱንም።

«የኦሪን ዘር! ግትር! በቅሎ!» አሉ ዓይናቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ። «ካሸነፍኩስ? ተመልሶ አንገቱን ቢደፋስ?»

ዊላን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የነሳትን ነገር ሰው ጮክ ብሎ ሲናገረው የመጀመሪያዋ ነው። «አላውቅም» አለች እውነቷን። «ግን ይሄኛውን ፊቱን ከማይ ሲናደድ ባየው ይሻለኛል።»

ጋሽ ሌስተር የሙስታንጉን ኮፈን ዘጉ። ከዚያ ከኪሳቸው የጫማ ቀለሟን ጠርሙስ አውጥተው ሰጧት። «ነይ፣ አንቺ ጻፊው።»

ዊላ 13.45ን ጠርጋ 13.27 ብላ ጻፈች።

«ሃያ ሰባት? የኔ መኪና ሃያ አምስት ናት!»

«ሞቋል» አለች ዊላ። «ወረቀቱ ላይ አለ።»

ሦስተኛው ዙር ሲጠራ ጥላው ረዝሞ ነበር። ካማሮዋ ቀድማ ተነሳች። ዊላ ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አታስታውሰውም፤ የመሪው መንቀጥቀጥ፣ በጎን የሚሮጠው የበቆሎ እርሻ፣ ከኋላ እየቀረበ የሚመጣው ጩኸት። ሁለቱም መኪኖች መስመሩን አንድ ላይ የበጠሱት መሰላት። የበራው መብራት ግን የቀዩ መኪና ነው።

እሷ 13.61። ጋሽ ሌስተር 13.27፣ ዝንፍ ሳይል።

እየተመለሰች ሳለ እንባዋ የራስ ቁሩ ውስጥ ወረደ። ወንበሩን አሰበች፤ መስኮቱን፣ የቀዘቀዘውን ምሳ። እኔ ነኝ፣ አለች በልቧ፤ የተሰጠንን በእጄ የመለስኩት እኔ ነኝ። ወደ ቦታቸው ታጥፋ ስትገባ ታጣፊው ወንበር ተገልብጧል። አያቷ ቆመዋል። ከዘራቸውን እንደ ጎራዴ ወደ ሰማይ ይሰብቃሉ።

«በአፍንጫ!» እያሉ ጮኹ። «በአፍንጫ ነው የቀደመሽ! በአንድ ጣት! አየሽው ያንን የተረገመ ሽማግሌ? ዝንፍ አላለም እኮ! አንቺ ደግሞ ሁለተኛው ማርሽ ላይ ዘገየሽ! ክረምቱን ሙሉ የነገርኩሽን! ካርቡሬተሩን አውርደን እናጸዳለን፤ ማክሰኞ፣ አይ ሰኞ…»

«የልብ መድኃኒትህን ወስደሃል?» አለች ዊላ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

«ተዪኝ እስቲ በመድኃኒት! ሌስተር! አንተ ሌባ! በአፍንጫህ ነው ያሸነፍከው፣ እሱም ረጅም ስለሆነ ነው!»

«ኮፍያውን አሳጥቤ አመጣልሃለሁ!» አሉ ጋሽ ሌስተር ከማዶ። «ያንተ ራስ እንዳያቆሽሸው እንጂ!»

በማግስቱ ከማቤል ቁርስ ቤት ፊት ለፊት አያቷ የሙስታንግ ሠሪውን የፎርድን ኮፍያ ደፍተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቀዩን ሙስታንግ ያጥባሉ። ዊላ እኔ ልጠብ ብትል «መኪናዋ የኔ፣ ሽንፈቱም የኔ» ብለው ከለከሏት። ወንበር ብታመጣላቸው በእግራቸው ገፉት። ጋሽ ሌስተር በረንዳው ላይ ተቀምጠው የኮክ ፓይ እየበሉ «እዚያ ጋ! አልጠራም! ማርሚታውንስ?» ይላሉ። ሕዝቡ በመስኮቱ ተደርድሮ ይስቃል። አያቷ እየተራገሙ ሦስተኛው ጎማ ላይ ደርሰዋል። ከመጋቢት ወዲህ ይህን ያህል ቆመው አያውቁም።

«ዊላ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ዓይናቸውን ከጎማው አላነሱም። «ዳርሲ ያቺን ወረቀት አገኘቻት እንዴ?»

ዊላ እጇን ኪሷ ከተተች። ወረቀቱ እዚያው አለ፤ አራት ቦታ ታጥፎ። ወደ በረንዳው አየች። ጋሽ ሌስተር ሹካቸውን አፋቸው ጋ ሳያደርሱ አቁመዋል።

«አላገኘቻትም።»

አያቷ ስፖንጁን ጎማው ላይ ሁለት ጊዜ አዞሩት። «እንግዲህ አትልፋ በያት» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ወገባቸውን ይዘው ወደ በረንዳው ጮኹ። «አንተ ሌስተር! ይሄን ጎማ ከገዛኸው ወዲህ አጥበኸው ታውቃለህ? ይሄ እኮ ጭቃ አይደለም፤ እርሻ ነው! በመጪው ነሐሴ ካማሮዋን ስታጥብ ንጽሕና ምን እንደሆነ አስተምርሃለሁ!»

ቁርስ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ሌስተር ሹካቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

ዊላ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን ባልዲው ውስጥ ጣለችው። ቁጥሮቹ ደብዝዘው እስኪጠፉ ድረስ በሳሙናው ውሃ ውስጥ በጣቶቿ አሸችው።

«ውሃው ቆሽሿል» አለች። «ልቀይርልህ።»

ባልዲውን አንስታ ወደ ቧንቧው ሄደች።